ዓይኑ የተደፈነ ዝንብ

ውድ ወንድም ጋሼ፣

ውድ ያልኩህ ደብዳቤ እንደዚያ ስለሚጀመር ነው፤ ሌላ ትርጉም እንዳትፈልግበት። በአውቶቡስ ሾፌሩ በኩል የላክኸው መልእክት ደርሶኛል። "የአባባ እጅ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ ትንሿ ሞርሳ ለማንም አትሆንም፤ ለእኔ ላኪልኝ" ብለሃል። ጤናው እንዴት ነው አላልክም። ሞርሳዋ ግን ትዝ ብላሃለች።

እንግዲያው ስማኝ። ሞርሳዋ ሥራ ላይ ናት። ልብስ መስፊያ ማሽኔ ጎን ጠረጴዛው ላይ ተጠፍራ፣ በብረት መንጋጋዋ መንጠቆ ነክሳ ተቀምጣለች። ዝንብ ማሰር እየተማርኩ ነው። ደንበኞቼ ምን እንደምሠራ ሲጠይቁኝ "ዝንብ" እላቸዋለሁ። ላባና ክር መንጠቆ ላይ ተጠቅልሎ ባስ የሚባለውን አፈ ሰፊ ዓሣ እንደሚያታልል እስካስረዳቸው ድረስ ጤንነቴን ይጠራጠራሉ። እነሱስ ስለማያውቁ ነው። አንተ፣ አውቃለሁ ባዩ፣ በስልክ ምን ነበር ያልከኝ? "ድሮም ሱቅሽ ውስጥ ዝንብ እሽ ስትይ ነው የምትውዪው፤ አሁን ደግሞ ማሰር ጀመርሽ?" ከዚያ በራስህ ቀልድ ራስህ ሳቅህ። እንደ ልማድህ።

ለምን እንደጀመርኩ ልንገርህ። አባባ ዘንድሮ አንድ ነገር ብቻ ተመኘ፦ ሐይቁ ዳር ቆሞ፣ ቤት የታሰረ ዝንብ አንድ ጊዜ መወርወር። "ክንዴ ገና ነው፤ የከዱኝ ጣቶቼ ናቸው" አለኝ። ዝንቡን አንተ መጥተህ እንድታስርለት ጠበቀህ። በሚቀጥለው ሳምንት እመጣለሁ እያልክ ክረምቱን አስጨረስከው። እሱ ደግሞ ስልኩን በዘጋህ ቁጥር "ሥራ በዝቶበት ነው" ይለኛል። እኔ የሥራህን ብዛት አውቀዋለሁ።

ልጆች ሳለን አንተና አባባ ዝንብ ስታስሩ እኔ በሩ ላይ ስቆም "ላባው ይበተናል፣ ዘግተሽው ውጪ" ትለኝ እንደነበር ታስታውሳለህ? አባባም ዝም ይል ነበር። ከአንተ ንግግር ይልቅ የእሱ ዝምታ እስከ ዛሬ ያመኛል።

እና ሞርሳዋን አቧራዋን ጠርጌ ጀመርኩ። መቼም ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ክር ምን ያቅተኛል ብዬ። የዶሮ ላባውን ለጅራት አስቀመጥኩ፣ ክሩን ጥብቅ አድርጌ እስከ መንጠቆው ጫፍ ጠቀለልኩት። በእኛ ሙያ ጫፉ ካልታሰረ ይተረተራላ። መጨረሻውን ነጩን የጥፍር ቀለም ቀብቼ አሸግሁት። አማረብኝ። ወስጄ አባባ መዳፍ ላይ አኖርኩለት።

በአውራ ጣቱ ዳበሰው። "ናይለኑ በየት ይገባል?" አለ።

ናይለኑ፣ የማጥመጃው ክር፣ የሚታሰርባትን የመንጠቆውን ራስ ቀዳዳ፣ እሱ ዓይን የሚላትን፣ ድፍን አድርጌያት ኖሯል። ዝንቡን ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ወረወረውና "ድገሚው" አለኝ። የሚቀጥለውንም ጣለው። ከዚያ የሚቀጥለውንም። በመጨረሻ እንባዬ መጣ።

"የወንድም ጋሼን አንድም ቀን ጥለህ አታውቅም" አልኩት።

"የእሱማ ሁሉም ድፍን ነበር" አለኝ፣ የተለመደ ነገር እንደሚያወራ። "ከቤት እስኪወጣ እጠብቅና ዓይናቸውን በመርፌ እከፍትለት ነበር።"

"ምነው አትነግረውም ነበር?"

"አንዴ ነገርኩት። አኩርፎ እራቱን ሳይበላ ተኛ። እሱ ሲነገረው አይወድም።" ከዚያ ሌላ መንጠቆ እያቀበለኝ፣ "አንቺ ግን ትደግሚዋለሽ" አለ።

ወንድም ጋሼ፣ ይህን ስሰማ ምን እንደተሰማኝ ልደብቅህ አልፈልግም። መጀመሪያ ሳቅሁ። ቀጥሎ በሰርጉ በለቅሶው "ያንን ግዙፍ ባስ የያዘው የእኔ ዝንብ ነው" እያልክ ደረትህን ስትነፋ ታየኝና አፈርኩልህ። አንተ ደፍነህ ትሄዳለህ፣ ሌላው ከኋላህ ጎንበስ ብሎ ይከፍታል፤ ኑሮህ በሙሉ ይኸው ነው። አልጠላህም። መጥላት እንኳ ከሰው የሆነ ነገር መጠበቅ ነው፤ እኔ ካንተ የምጠብቀው አልቋል።

በመጨረሻ ያልጣለውን ዝንቤን ይዘን እሑድ ሐይቁ ሄድን። ናይለኑን ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ ሳይንገራገር አለፈ። አባባ እንዳይወድቅብኝ ክርኑን ስይዘው "ልቀቂኝ" አለኝ። ለቀቅሁት። ውሃው ውስጥ ከተጋደመው ግንድ አጠገብ ወረወረ፣ ትንሽ ጎተተ፣ ቆመ። ባሱ ብቅ ብሎ ዋጠው። አባባ እየተንቀጠቀጠ ጎትቶ አወጣውና ዝንቤን ከከንፈሩ ነቅሎ ዓሣውን መልሶ ለቀቀው። ዝንቡን ባርኔጣው ላይ ሰካው፤ ይኸው እስከ ዛሬ አላወለቀውም፣ ምሳም ሲበላ አድርጎት ነው።

ስለዚህ ሞርሳዋ አትመጣም። በምትኳ በአባባ የማጥመጃ ሣጥን ውስጥ የቀሩትን የራስህን ዝንቦች ልኬልሃለሁ። እንዳሰርካቸው ናቸው፤ አባባ መክፈቱን ከተወ ቆይቷል። ስታወጣቸው ተጠንቀቅ፣ ከሥራቸው መርፌ አለች። እንዳትቀየመኝ፣ እኔ አይደለሁም የጨመርኳት። እሽጉን ልዘጋ ስል "ቆይ" ብሎ በዚያ በሚንቀጠቀጥ እጁ ያስቀመጣት አባባ ነው።

በሩን ዘግታ የወጣችው እህትህ