በጠራራ ፀሐይ የተጠሩ ስሞች

እፀዬ፣

እዚህ ድሬዳዋ ገበያው የቆመው በደረቁ ወንዝ አሸዋ ላይ ነው። ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ለሴቶቹ እድር ሰብሳቢ ለሃዎ ከተራራው በኩል ስልክ ተደወለላት። ወዲያው ከቀብር የቀረችውን የምትመዘግብበትን ደብተር ገልጣ ስም መጥራት ጀመረች። የተጠራችው ሁሉ «አቤት» እያለች፣ እቃዋን ትታ ከአሸዋው ወጣች።

«ማን ሞተ?» አልኳት።

«ማንም እንዳይሞት ነው፣ አቦ!»

«ሳቢሪን!» ስትል መልስ ጠፋ። የመሸጫ ጥላዋ ስር ተኝታ ኖሯል፤ ሃዎ ራሷ ወርዳ ጎትታ አወጣቻት። ተራራው ላይ የዘነበው ጎርፍ ሆኖ ያለ ደመና እያጉረመረመ መጣ። ጥላዎቹን እንደቆሙ ይዟቸው ሄደ፤ ሰዎች ይመስሉ ነበር።

እኛ ሰፈር ደብተሩ የሚገለጠው ሰው ከሞተ በኋላ ነው። ፖስት ካርዱ ሞላብኝ፤ እናትሽን ሳሚልኝ። የእድራችን ሊቀመንበር ናቸውና ንገሪያቸው፦ ሰው በቁሙም ይጠራል።

ኑሀሚን