ለአባባ ክፍል የላክኸው ባለጎማ ስፒከር

ይድረስ ለምወደውና ዛሬ ግን ክፉኛ ለተቀየምኩት ወንድሜ ለአሞጽ ተረፈ፤
ባለህበት ጆሃንስበርግ።

ወንድም ዓለም፣ እንደምን ከርመሃል? እዚያ አሁን የብርድ ወቅት ነው ይላሉ፤ ያ ሳል ለቀቀህ ወይ? ልዩስ እንዴት ናት፣ ወገቧን ተሻላት? ሐሴት ጥርስ አወጣች ወይስ አሁንም በድዷ ነው የምትስቀው? ሱቁስ ሰላም ነው? መስኮት የሰበረባችሁ ሌባ ተመልሶ አልመጣም አይደል? ስለእናንተ ሳናስብ የምንውለው ቀን የለም። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የእማዬ ጉልበት ዝናብ ሲበዛ ያስቸግራታል፤ ሚዛን ደግሞ ዝናብ የማይበዛበት ወር የላትም፣ ታውቃለህ። አባባም ከዓይናቸው በስተቀር ሙሉ ጤና ናቸው።

ደህና ነን ብያለሁ፤ አሁን ወደ ንዴቴ ልግባ። በስልክ ልነግርህ ሞክሬ ነበር፤ እኔ አንድ ስናገር አንተ አምስት ትናገራለህ፣ ከዚያ ኔትወርኩ ይቆረጥና ጥፋተኛዋ እኔ ሆኜ እቀራለሁ። ድምፅ ቀድቼ ብልክልህ ደግሞ አፍጥነህ እንደምትሰማው ልዩ ነግራኛለች። ስለዚህ ወደዚያ የሚመለሰው ኃይለሚካኤል ይህን ወረቀት ይዞልህ ይመጣል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ፤ ወረቀቱ ይኸው፣ ሞኟም እኔ ነኝ።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምርልህ፤ ከሩቅ ሆኖ የሚያዝ ሰው ሥሩን ማወቅ አለበትና። አባባ ዕድሜያቸውን ሙሉ የቴፒን ቡና በጭነት መኪና ሲያመላልሱ የኖሩ ሰው ናቸው። ሌላ ሹፌር ጋቢናው ውስጥ ሙዝና በቆሎ ሲጭን እሳቸው ካሴት ነበር የሚጭኑት። የዓይን ግፊት ብርሃናቸውን ከወሰደባቸው ወዲህ ግን ከቤት መውጣት ተዉ። ጫማ ለማድረግ ሰው መጥራት፣ ውኃ ለመጠጣት ሰው መጥራት፣ ጓሮ ለመሄድ ሰው መጥራት። ጎረቤታችን ሳዲቅ ካሴቶቻቸውን ሁሉ በትዕግሥት ፍላሽ ላይ ገልብጦላቸው፣ የሚሰሙበት ደህና ስፒከር እንገዛ ስንባባል፣ አባባ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው። «ሰው ሳልጠራ፣ ራሴ ከፍቼ ራሴ የምዘጋው ይሁን» አሉ። ይህን ቃል በስልክ ነግሬሃለሁ። «እሺ» ብለኸኛል።

ከዚያ በኋላ የደከምኩትን እማዬ ትመስክር። ከጓሮ ያለችውን የቡና ማስቀመጫ ክፍል አጸዳሁ። ባዶ ስትሆን ድምፅ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ ቃል አያስለይም ነበር። ከሥራ ቦታዬ ያረጁ ጆንያዎች ለምኜ፣ አጥቤ፣ የቡና ገለባ ሞልቼ በግድግዳው ዙሪያ ሰቀልኩ። ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ ዝናቡ ሲወርድ ዘፈኑን እንዳይውጠው ኮርኒስ አስመትቼ፣ ከላዩ ጆንያ ጠቅጥቄ ዘጋሁት። አሁን ውጭ ሰማይ ቢቀደድ እዚያ ክፍል ውስጥ ጠብታ አይሰማም። የአባባን ወንበር መሀል አስቀመጥኩ። እኔ ነኝ ያለ ሰው እዚያ ተቀምጦ ቢሰማ ይደነቃል።

ስፒከሩ ማጉያው እዚያው ሆዱ ውስጥ የተሠራለት፣ አክቲቭ የሚሉት ዓይነት እንዲሆን የወሰንኩትም እኔ ነኝ። አምፕሊፋየር ለብቻው፣ ስፒከር ለብቻው፣ መሀል ላይ ደግሞ ሽቦ እንደ ሐረግ የተዘረጋበት ነገር ለዓይነ ስውር አይሆንም። የድሮው ቴፓችን ሽቦ አባባን ጠልፎ ሲጥላቸው አንተ እዚህ አልነበርክም፤ ያነሳኋቸው እኔ ነኝ።

መናኸሪያው አጠገብ ኤሌክትሮኒክስ የሚሸጠውን ባየን ታውቀዋለህ፤ አባቱ የአባባ ረዳት ነበር። ባየ ስፒከር የሚያስመርጠው ደጃፉ ላይ አውጥቶ እስከ መጨረሻው ከፍቶ ነው፤ የባጃጆቹን ጩኸት የዋጠው ያሸንፋል። እኔ በዚህ አልመርጥም አልኩት። ሥራዬ ቡና መቅመስ ነው፤ እኛ ዘንድ ስኒው ላይ የማን ማሳ እንደሆነ አይጻፍም፣ ስሙን ካየህ ምላስህ ይዋሻልና። ለአንድ እሁድ ከሰዓት ሁለት ጥንድ ስፒከር አዋሰኝ። አንደኛው ጥንድ እያንዳንዱ የጫማ ካርቶን የሚያህል፣ ጥቁር፣ ጌጥ የሌለው፤ ፊቱ ላይ ቀጭ ብላ የምትከፈት አንዲት ማዞሪያ ብቻ ያለችው። ሌላው ጥንድ ደረቴ ድረስ የሚደርስ፣ ጎማና እጀታ ያለው፣ ሆዱ ላይ ቀይና ሰማያዊ መብራት የሚሽከረከርበት። የእማዬን አንሶላ በገመድ ወጥሬ ሁለቱንም ከኋላው ደበቅኳቸው። ድምፃቸውንም እኩል አደረግሁ፤ አንዱን ቡና አሳርሮ ሌላውን ጥሬ ትቶ ማወዳደር የለማ።

እማዬ፣ አጎታችን ጋሽ ማቴዎስ፣ ሳዲቅና አባባ ተቀምጠው ሰሙ። አንዱን ዘፈን መጀመሪያ በትንሾቹ፣ ቀጥሎ በትልልቆቹ አሰማኋቸው። የቱ የቱ እንደሆነ ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። አራቱም፣ አንድም ሰው ሳይቀር፣ የመጀመሪያውን መረጡ። ጋሽ ማቴዎስ ዓይናቸውን ጨፍነው «ይሄኛውማ አጠገቤ ተቀምጣ የምትዘፍን ነው የሚመስለው» አሉ። አባባ ደግሞ ያሉትን መቼም አልረሳውም። «በመጀመሪያው ዘፋኟ ቃሉን ከማውጣቷ በፊት ትንፋሽ ትስባለች፤ በሁለተኛው አትተነፍስም። ሰው ሳይተነፍስ እንዴት ይዘፍናል?» አሉ። ልቤ በደስታ ሞላ። ጉዳዩ አለቀ ብዬ አንሶላውን ገፈፍኩት።

ጉድ የፈላው ያኔ ነው። ሁሉም ተያዩ። ከዚያ ጋሽ ማቴዎስ «እንዴ! እነዚህ ናቸው? እነዚህማ የልጅ መጫወቻ አይደሉም እንዴ!» አሉ። እማዬ ትልልቆቹን በነጠላዋ ጫፍ ጠረግ ጠረግ አደረገቻቸውና «እንግዳ ሲመጣ የሚታየው ይሄ ነው» አለች። ሳዲቅ እንኳ፣ ያ አስተዋይ ሰው፣ «እስቲ እንደገና ይከፈት» አለ፤ እንደገና ሲከፈት መብራቱ ተሽከረከረ፣ እነሱም ራሳቸውን እየነቀነቁ ትልቁ ይሻላል አሉ። ጆሯቸው የመረጠውን ዓይናቸው ቀማቸው። ሐሳባቸውን ያልለወጡት አባባ ብቻ ናቸው፤ ለእሳቸው አንሶላው አልተገፈፈም። «ምን ሆናችሁ? ማን ገባ?» እያሉ ይጠይቁ ነበር።

ይህን ሁሉ እንኳ እችለው ነበር፤ አስረድቼ፣ ለምኜ፣ ተጨቃጭቄ እመልሳቸው ነበር። አንተ ግን ምን አደረግህ? ጋሽ ማቴዎስ የትልልቆቹን ፎቶ ላኩልህ፤ የትንሾቹን አልላኩልህም። አንተም እኔን ሳትጠይቅ ለባየ ደወልክና ትልልቆቹን አስጫንክ። እኔ ለሥራ ቴፒ ነበርኩ። ስመለስ የጫማ ካርቶን የሚያህሉት የሉም፣ ከጆንያዎቼ መሀል እነዚያ ሁለት ግንዶች ቆመዋል። «አሞጽ ለአባቱ የላከው ሲባል ሰው ቀና ብሎ የሚያየው ይሁን» ብለሃል አሉ። ማን ይናገር የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ! አንተ አልነበርክ፣ አልሰማህ፣ ፎቶ አይተህ የድምፅ ዕቃ መረጥክ። ቡናን በፎቶ የሚቀምስ ሰው አይቼ አላውቅም።

ደሜ የፈላው ደግሞ በመብራቱ ነው። አሞጽ፣ መብራት ነው የላክኸው! ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ እያለ ግድግዳውን የሚያዞር መብራት፣ ቀንና ሌሊት ለማይለዩ አባትህ! ማዞሪያ የለውም፤ ፊቱ እንደ መስታወት የለሰለሰ ሆኖ በጣት ሲነካ ነው የሚሠራው። አባባ ሲዳብሱት የቱ መክፈቻ የቱ መዝጊያ እንደሆነ እጃቸው አያገኘውም። በመጀመሪያው ቀን ሳያውቁ አንድ ቦታ ነኩትና አንዲት ሴትዮ ከውስጡ በእንግሊዝኛ ጮኸችባቸው። ደንግጠው ተነሥተው «ይግቡ፣ ይግቡ» አሉ፤ እንግዳ የመጣ መስሏቸው ነው። እማዬ ሳቀች። እኔ ግን አንጀቴ አረረ፤ አባባ እጃቸውን ዘርግተው ባዶ ክፍል ውስጥ ለእንግዳ ወንበር እየፈለጉ ነበር።

እውነቱን ላለመካድ፣ አንድ ነገር ልክ ነህ፦ ባትሪ አለው፣ መብራት ሲጠፋም ይሠራል። እዚህ መብራት ስንቴ እንደሚጠፋ ስለምታውቅ አስበህበት ይሆናል፤ ለዚህ አመሰግንሃለሁ። ግን ባትሪውና ጎማው ምን እንዳመጣብን ስማ። የሚንከባለል፣ መብራት የማይፈልግ ስፒከር በዚህ ሰፈር የአንድ ቤት ዕቃ ሆኖ አይቀርም፤ እንደ ዕድር ድንኳን የሁሉ ነው። ገና ሳምንት ሳይሞላው ጋሽ ማቴዎስ ለወዳጃቸው ልጅ ምረቃ ሸዋ ቤንች ድረስ ሊወስዱት ጠየቁ። እኔ አይሆንም አልኩ። እማዬ «የሰው ፊት እንዴት ይመለሳል?» አለች። አባባ ግን ከወንበራቸው ሆነው ሳቅ አሉና «ተይው ማራናታ፣ ጎማ ያለው ነገር ቤት አይቀመጥም። እኔን አታዪም ነበር?» አሉ። የሹፌር ቀልድ ነው፤ ሁሉም ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

ሆድ ይፍጀው ብዬ ልተወው አስቤ ነበር። ይህን ወረቀት ያስያዘኝ የትናንቱ ነው። ትናንት ከሥራ ስመለስ ኃይለኛ ዝናብ ነበር። አባባ እዚያ ክፍል ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል፣ ስፒከሩ ዝም ብሏል። «ምነው አልከፈቱትም? አንዱን አይጠሩም ነበር?» አልኳቸው። «ዛሬ እንኳ ዝናቡን እያዳመጥኩ ነው፣ ደስ ይላል» አሉኝ። አሞጽ፣ ያንን ጣሪያ ጆንያ የጠቀጠቅኩት እኔ ነኝ። እዚያ ክፍል ውስጥ ዝናብ አይሰማም። ምንም አይሰማም። ሰው ላለመጥራት ብለው ነው ዝም ብለው የተቀመጡት። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይሄ ነው።

አሁን የምልህ ይህን ነው። ባየን አነጋግሬዋለሁ። ትንሾቹን እስካሁን አልሸጣቸውም፣ መደርደሪያው ላይ ናቸው። «ዕቃው ሳይጫርና ሳይጎዳ ከመጣ እቀይራለሁ፤ ግን ያዘዘኝ አሞጽ ነው፣ እሱ በአንደበቱ ይንገረኝ» ብሏል። እውነቱን ነው፤ በአንተና በእኔ መሀል ገብቶ ለምን ይጣላል? ስለዚህ ይህ ወረቀት በደረሰህ ዕለት ደውልለት። ለጋሽ ማቴዎስም ደውል፤ እኔን አይሰሙም፣ የውጭ አገር ስልክ ግን ይሰማሉ። ስምህ እንዲነሳ ከፈለግህ፣ አባባ ቀጭ አድርገው ማዞሪያዋን በከፈቱ ቁጥር ይነሳል፤ እኔ ራሴ አነሳዋለሁ።

ተቆጥቼ ጻፍኩ እንጂ ጠልቼህ አይደለም፤ የምጠላህ ብሆን ይሄን ሁሉ ቀለም አላባክንም ነበር። እማዬ ጉንጭህን ትስማለች፣ «ሲበርደው ካልሲ ደርቦ ያድርግ» ትላለች። ሳዲቅ በጣም ሰላም ብሎሃል፤ ያን እሁድ ሐሳቡን በመለወጡ አሁንም ፊቴን ቀና ብሎ አያየኝም። ጋሽ ማቴዎስም ሰላምታ ልከዋል፣ እኔ ግን በደስታ አይደለም ያስተላለፍኩት። ለልዩ ሰላምታዬን ስጥልኝ፤ ሐሴትን አገላብጠህ ሳምልኝ። አባባ «ስፒከሩ በጣም ጥሩ ነው፣ ቀን ከሌት እሰማዋለሁ፣ ተባረክ በይልኝ» ብለውሃል። ቃላቸውን ሳልጨምር ሳልቀንስ ጽፌዋለሁ። ይህን ያስጻፉኝ ዛሬ ጠዋት እዚያው ክፍል፣ እዚያው ወንበር ላይ ሆነው ነው፤ ስፒከሮቹ ግን ከትናንት ማታ ጀምሮ ሸዋ ቤንች ናቸው።

እህትህ ማራናታ ተረፈ
ሚዛን ተፈሪ፣ ሐምሌ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.