የአርብ ምርቃት

ለምወድሽ እናቴ፣

ጉልበትሽ እንዴት ሆነ? ብርዱ ገብቷልና ጠዋት ጠዋት እንደሚጠዘጥዝሽ አውቃለሁ። ዓይንሽስ? የካፍታን ቀሚስ ቁልፍ በሐር ክር ስትሠሪ ከመስኮቱ አጠገብ ሁኚ ብዬ ስንቴ ለመንኩሽ! ወንድሜ ሙሓስ፣ ሚስቱስ፣ ሕፃኑስ? የከተማችን የሰፍሩ ጎረቤቶቻችን ሁሉ እንዴት ከረሙ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነኝ። እዚህ ማስቀት ከተማ ሙቀቱ በረድ ብሏል፤ ስፌቱም አለ፣ የምበላውም አልጎደለብኝም።

የአባዬን ጤና እንዳልጠየቅኩ አስተውለሽ ይሆናል። ረስቼ አይደለም።

በየአርቡ በስልክ እየተያየን ደብዳቤ ምን አስፈለገ ትይኛለሽ። እማዬ፣ ስልኩ ላይ እኮ ሁለታችንም ተዋናይ ሆነናል። አንቺ ትስቂያለሽ፣ እኔም እስቃለሁ፣ ሙሓ ከኋላሽ ቆሞ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ለዚህ ነው ወደ ሞሮኮ የምትመለስ አንዲት የአገራችን ሴት ሳገኝ ይህን በእጇ የላክሁልሽ። መስጊድ ውስጥ ከእኩዮችሽ ጋር ፊደል ስትቆጥሪ፣ “በዚህ ዕድሜዬ ለማን ብዬ ነው?” ትይ ነበር። ለእኔ ብለሽ ነው የተማርሽው፣ እማዬ። ፊደሉን አተልቄ ጽፌልሻለሁ። ለማንም አታስነብቢው፤ ቀስ እያልሽ ራስሽ አንብቢው።

ስልኩን ለሻይ የምትሰብሪው ሾጣጣ ስኳር ላይ አስደግፈሽ ያወራንበትን አርብ ታስታውሻለሽ? ቡናማ ቀሚስሽን ለብሰሽ፣ ስለ ጎረቤት ድመት እያወራሽ ታስቂኝ ነበር። ድንገት ማንቆርቆሪያው ገነፈለና “ውይ!” ብለሽ ብድግ አልሽ። ያኔ እግርሽ ታየኝ። ነጭ ካልሲ፣ ነጭ ነጠላ ጫማ። ቢጫውን ጫማሽን አውልቀሽ የማታውቂው አንቺ!

አብራኝ የምትሰፋው ግብፃዊቷ ኢንሻራህ በትከሻዬ አሻግራ ታይ ነበር። “ነጭ በነጭ! እናትሽ ዘንጠዋል፤ ሰርግ አለባቸው እንዴ?” አለችኝ። እኔም ሳላስበው፣ “አይ፣ እኛ አገር እስከ ጫማዋ ድረስ ነጭ የምታደርገው ባሏ የሞተባት ናት” አልኳት። የተናገርኩትን የሰማሁት ከተናገርኩት በኋላ ነው። ኢንሻራህ አፏን በእጇ ያዘች። በእነሱ ዘንድ ሐዘን ጥቁር ነው፣ ምስኪን በምን ትወቀው። አንቺም ተመልሰሽ “ምነው ዝም አልሽ?” ስትይኝ መስመሩ ተበላሸ ብዬ ዘጋሁት።

በማግስቱ ለሙሓ ደወልኩና አባዬ የት ነው አልኩት። “ቼሪ ሊለቅም ወርዷል” አለኝ። እንግዲህ ስሚው! ዛፉ ቅጠሉን ባራገፈበት ወር ማን ቼሪ ሲለቅም ታይቷል? ወንድሜ ውሸት እንኳ አይችልበትም። ልጮህበት ፈልጌ ነበር፤ ድምፁ ሲንቀጠቀጥ ስሰማ ተውኩት። በርታ ብዬው ዘጋሁ።

ከዚያ የጨርቁ ጓዳ ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ። ኢንሻራህ በሩ ላይ ቆመችና “አልቅሺ፣ እስኪወጣልሽ አልቅሺ። የስፌት ቤቱ ባለቤት ከመጣች መርፌ ወግቷት ነው እላታለሁ” አለችኝ። ባለቤትየዋ መጣች፤ ኢንሻራህም እንዳለችው አለቻት። ሴትዮዋም ምን ዓይነት መርፌ ቢሆን ነው ሰው እንዲህ የሚያስነባው ብላ ሳትጠይቅ አለፈች።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ልቤ ከካልሲው በፊትም ጠርጥሮ ነበር። ያስጠረጠረኝ ምርቃቱ ነው። አባዬ “ከዚህ ደጅ ከወጣሽ ልጅ የለኝም” ብሎኝ ነበር። የሄድኩ ቀን ፊቱን ላለማሳየት ገና በጠዋቱ ወደ አትክልት ቦታው ወረደ። በደወልኩ ቁጥር ስልኩን ስታቀብዪው “እጄ ጭቃ ነው” ሲልሽ እሰማው ነበር። ዓመት ሙሉ እጁ ጭቃ ነበር። ከዚያ በጋው ሲያልቅ፣ ምን እንደነካው እንጃ፣ በየአርቡ “አባትሽ መርቆሻል” ትይኝ ጀመር። “እጇ የነካው ሁሉ ይባረክ፣ የልቤ ብርሃን ናት ብሎሻል” አልሽኝ። የልቤ ብርሃን! አባዬ? “ምላሰኛዋ” ከማለት በቀር ምን ብሎ ጠርቶኝ ያውቃል? እማዬ፣ ትንሽ ስድብ ጣል ብታደርጊበት ኖሮ አምንሽ ነበር።

ቢሆንም ወደድኩት። ይህን አልደብቅሽም። እየጠረጠርኩም ቢሆን አርብ እስኪደርስ ይጨንቀኝ ነበር። ታረቀኝ እያልኩ ለራሴ አወራለሁ፣ ስሰፋም አንጎራጉራለሁ። ለካ እኔ እዚህ ሳንጎራጉር እናንተ እዚያ ለቅሶ ላይ ነበራችሁ።

ለምን እንደደበቃችሁኝ ይገባኛል። በሰው አገር ብቻዋን ምን ይውጣታል ብላችሁ ነው። በዚህ አልተቀየምኩም። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ያ ነጭ ልብስ የሐዘንሽ ወራት እስኪያልቅ እንደማይቀየር አንቺው ነሽ ያስተማርሽኝ። አክስቴ አንድ ቀን ብቻ ባለ አበባ ሻርፕ ብታደርግ እንዴት እንደገሠጽሻት አልረሳሁም። አሁን ግን እኔን ለማሳቅ ብለሽ በየአርቡ ሐዘንሽን አውልቀሽ ትሰቅያለሽ፤ ስልኩ ሲዘጋ መልሰሽ ትለብሻለሽ። ልጅ እናቷን እንዲህ ማድረግ አለባት? በመጪው አርብ ነጭሽን እንደለበስሽ ተቀመጪልኝ። መሳቅ የለብሽም። እኔም አልስቅም። ተያይተን እናልቅስና ይውጣልን። ሙሓም ጉሮሮውን ያሳርፍ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ ፈልጌ እጽፈዋለሁ፣ መልሼ እሰርዘዋለሁ። አባዬ በመጨረሻው ሰዓት ስሜን አንስቶ ነበር?

ተዪው፣ አትመልሺልኝ። አንስቶኝ ቢሆን ኖሮ ቃል በቃል፣ ቁጣውንም ሳታስቀሪ ትነግሪኝ ነበር፤ አንቺን አውቅሻለሁ። የልቤ ብርሃን የሚለው ቃል ከማን አፍ እንደወጣም አውቄዋለሁ። በልጅነቴ ትኩሳት ይዞኝ ሳቃስት በጆሮዬ ስትዪው የኖርሽው አንቺ ነሽ። ያላለውን ስላልሽልኝ አላህ ምንዳሽን ይክፈልሽ። ግን እማዬ፣ አባዬን እንደነበረ እንተወው። ኩሩ ነበር፤ ተቆጥቶኝ ሄደ፤ አባቴ ነው። ሙሓ በመቃብሩ በኩል ሲያልፍ ምላሰኛዋ ሰላም ብላሃለች፣ ቂምም አልያዘችብህም ይበልልኝ።

አንቺም ከእንግዲህ ስትመርቂኝ በራስሽ ስም መርቂኝ። የአንቺው ይበቃኛል።

አላህ የአባዬን ቀብር ያስፋለት፣ ብርሃንም ያድርግለት። ላንቺ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ ዓይንሽን ይጠብቅልኝ፤ መጥቼ እጅሽን እስክስም ድረስ በጤና ያቆይሽ።

የሁለታችሁ ልጅ