ከሰኞ እስከ ሐሙስ የተተረተረ ልብስ

ለሆስፒታሉ ዋና ሥራ አስኪያጅ ጽሕፈት ቤት

ቀን፦ ረቡዕ ጠዋት

ጉዳዩ፦ የልብ ችግር ያለበት ሕፃን ለሚጠብቁ ወላጆች የሚሰጠው የሥነ ልቦና ምክር፣ ምርመራው በሚደረግበት ዕለትና በር ባለው ክፍል እንዲሆንልን ስለመጠየቅ

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣

በመሥሪያ ቤትዎ ላይ ቅሬታ ከማቅረቤ በፊት የራሴን ጥፋት አስቀድማለሁ። ለልጅ ልጄ ጀምሬው የነበረውን ልብስ በገዛ እጄ ተርትሬዋለሁ። ጨርቁንም ለአንድ ደንበኛዬ ሱሪ ኪስ አድርጌዋለሁ። ደንበኛዬ መምህር ናቸው፤ ጠመኔያቸውን ምን ውስጥ እንደሚከቱት እስካሁን አያውቁም። ነገሩ ከአቤቱታዬ ጋር የተያያዘ ስለሆነ በዝርዝር አስረዳለሁ።

1. ልብስ ሰፊ ነኝ። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ የምኖረው ከአንዲት ልጄና ከባሏ ጋር ነው። ልጄ የመጀመሪያዋን አርግዛለች። ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ሰኞ ዕለት፣ በሆስፒታሉ አልትራሳውንድ ስትነሣ የሕፃኑ ልብ ላይ ቀዳዳ እንዳለና እንደተወለደ ቀዶ ሕክምና እንደሚያስፈልገው ተነገራት። ሐኪሙ ትሑት ሰው ናቸው፤ «የቀረውን አማካሪዋ ያስረዷችኋል» ብለው ልጄንና ባሏን በክብር ሸኟቸው። አማካሪዋ የሚገቡት ግን ሐሙስ ብቻ ነው።

2. ከሰኞ እስከ ሐሙስ ቤታችን ምን እንደሚመስል ክቡርነትዎ ይወቁልን። የልጄ ባል የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ መኪናውን አጠበ፣ ሲደርቅ ደግሞ አጠበ። መኪናው ከተገዛ ጀምሮ እንደዚያ አምሮበት አያውቅም። ልጄ ቁም ሣጥኑን ገልብጣ አጣጠፈች፣ መልሳ ገለበጠች። እኔ ጸሎት አደርሳለሁ ብዬ ብንበረከክ፣ የሙያ ነገር ሆኖብኝ፣ ቀዳዳው ከየት ተጀምሮ እንዴት በክር እንደሚደፈን ለእግዚአብሔር ሳስረዳ ራሴን አገኘሁት። ባለቤቴ ብትኖር «አንተ ሰውዬ፣ ተወው ይሥራበት!» ትለኝ ነበር። የቤታችን አማካሪ እሷ ነበረች፤ እሷ ደግሞ ሰባቱንም ቀን ትገባ ነበር።

3. ልብሱን የተረተርኩት ረቡዕ ነው። ልጄ ሱቅ መጥታ ብታየው ታለቅሳለች ብዬ ነው፤ ለራሴ ያልኩት እንዲያ ነበር። እውነቱ ሌላ ነው። በእኛ ሥራ ባለቤቱ ሳይወስደው የቀረ ልብስ ይተረተርና ጨርቁ ለሌላ ይውላል። እኔም ገና ያልተወለደውን ልጅ ልብሳቸውን ሳይወስዱ ከቀሩት ደንበኞች ቆጠርኩት። ልጄ «አባዬ፣ ልብሱስ?» ስትለኝ «ጨርቁ የሚሰበሰብ ሆነብኝ» አልኳት። ትክ ብላ አየችኝ። ጨርቅ መምረጥ ያስተማርኳት እኔ ነኝ።

4. ሐሙስ ሦስታችንም አማካሪዋ ዘንድ ቀረብን። ቢሯቸው በመጋረጃ የተከለለ ጥግ ሲሆን፣ ከመጋረጃው ወዲያ መርፌ የሚጠብቁ ሰዎች ተሰልፈዋል። ልጄ «ልጄ ይሞትብኛል?» ብላ ስትጠይቅ ሰልፉ ጸጥ አለ። ከዚያ አንዲት እናት «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ የእህቴንም ልጅ እንዲሁ ብለውት ይኸው ኳስ ሲራገጥ ይውላል» አሉ። አንድ አዛውንት ደግሞ «ኧረ ዝም በሉ፣ ሐኪሟ የምትለውን እንስማበት!» አሉ። የሰልፉን ቅንነት አልክድም፤ ልጄ ግን የሄደችው አንዲት አማካሪ ፈልጋ ነበር። መጋረጃውን ለሆስፒታሉ የሰፋሁት እኔው ነኝ። ስፌቱ እንከን የለበትም፤ ድምፅ እንዲከልል ግን ያዘዘኝ ሰው አልነበረም።

5. ይህም ሆኖ አማካሪዋ የጠቀሙንን አልረሳም። የልጄን ባል «አንተስ እንዴት ነህ?» አሉት። እስከዚያ ቀን ይህን የጠየቀው ሰው አልነበረም። «መኪናው ንጹሕ ነው» አለና አለቀሰ። ቀጥለውም ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ለሕፃኑ በራስ የሚጠለቅ ልብስ እንደማይሆን፣ ቁስሉ እንዲታይና ክንዱ እንዳይጎተት ከፊት የሚከፈት እንደሚያስፈልግ ነገሩን። «ይድናል ብዬ ቃል አልገባላችሁም፤ ልንዘጋጅለት ግን እንችላለን» አሉን። ልጄ ዞር ብላ አየችኝ። እኔ ጫማዬን አየሁ።

6. አሁን ደግሞ ከመጪው ወር ጀምሮ እናት ብቻ እንደምትገባ፣ «ቤተሰብ ውጭ እንዲጠብቅ» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል። ውጭ የሚጠብቅ ቤተሰብ ምን እንደሚሠራ ከላይ ዘርዝሬያለሁ።

ስለዚህ፣

ሀ) አማካሪዋ ምርመራው በሚደረግበት ሰኞም እንዲገኙልን፤ ይህ ቢሆን ኖሮ ልብሱን ሳልተረትር ከነመቀሴ ይይዙኝ ነበር፤

ለ) በኮሪደሩ መጨረሻ የተሰበሩ ወንበሮች የተቆለፈባቸው ክፍል ለምክሩ እንዲለቀቅ፤ ወንበሮቹ የሚደብቁት ምሥጢር ያላቸው አይመስለኝም፤

ሐ) ማስታወቂያው ተነሥቶ አባቶችም እንዲገቡ፣ ክቡርነትዎ ከፈቀዱም ጥግ ይዘው ዝም የሚሉ አያቶች እንዲጨመሩ

በታላቅ አክብሮት አመለክታለሁ። እኔ ዝም ማለቱን እየተለማመድኩ ነው።

ጥፋቴን ከልጄ ደብቄ ለቢሮ መናገር ስላልሆነልኝ፣ ይህን ማመልከቻ ከመፈረሜ በፊት ዛሬ ጠዋት አነበብኩላት። ከፊት የሚከፈተውን አዲሱን ልብስም ጭኗ ላይ አኖርኩ። የኪሱ ነገር ላይ ስደርስ ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ ሳቁም ሳያልቅ አለቀሰች። ከዚያ ልብሱን ገልብጣ ስፌቱን መረመረችና «አባዬ፣ ለጋሼ መምህር ኪስ ሰፍተህ ለኔ ልጅ የለውም?» አለችኝ።

ኪሱን ሰፍቼ አስረክቤያለሁ።

ከሰላምታና ከምስጋና ጋር

(ፊርማ)
ልብስ ሰፊው፣ የነፍሰ ጡሯ አባት