የጣቢያው ደወል የት ያድራል?

ሠርካዬ፣ የአብነት ሰፈር ሰዎች እንዴት ናችሁ?

ያለሁት ባቡር መምጣት ካቆመ የቆየ የገጠር ጣቢያ ነው። የመንደሩ ሰዎች ቅርሳችን ነው እያሉ በነፃ ይጠርጉታል፣ ቀለም ይቀቡታል። እኛ ሰፈር ቀለም የሚቀባ ሰው ወይ ልጁን ሊድር ነው ወይ ቤቱን ሊሸጥ፤ ስለዚህ ጠረጠርኩ። አመሻሽ ላይ አስተባባሪያቸው ጋሽ ኩማ የናስ ደወሉን አውርደው፣ በጋቢያቸው ጠቅልለው ሲሄዱ ደረስኩባቸው።

«ደወሉን ወዴት ነው?» አልኳቸው።

«አልጋዬ ሥር! ጠዋት እንደ ቁራሌ እያንኳኳህ ድምፁን ስታዳምጥ አይተንሃል። አንተ እስክትሄድ እኔ ዘንድ ያድራል።»

ይህን ፖስት ካርድ ፖስታ ቤት የሚያደርሱልኝ እሳቸው ናቸው፤ ማንበባቸው አይቀርም። እማማ ዲንቄን ሳሚልኝ።

ሮቤራ

ጋሽ ኩማ፣ ካነበቡት አይቀር ይወቁት፤ እኔም ደወሉ ሲሰቀል ሳላይ ንቅንቅ አልልም።