የፓርክላንድሱ የክራር ጓሮ

አባዬ፣ የኔ ጌታ፣

ከተለየኸን አምስት ወር ሞላ። ናይሮቢ አሁን ብርዷ ነው። ጠዋት ምግብ ቤታችንን ስከፍት ዛሬም ቀድመኸኝ የገባህ ይመስለኛል። ወንበሮቹን ቀለም አስቀባናቸው፤ ብትኖር እሺ አትልም ነበር።

የምጽፍልህ ግን ስለ ጓሮው ነው። ቅዳሜ ጠዋት፣ የምሳ ደንበኛ ሳይመጣ፣ የሰፈራችንን የፓርክላንድስን ወጣቶች ሰብስበህ ክራር በነጻ ታስተምርበት ስለነበረው ጓሮ። ከባዶ የዘይት ጣሳ ክራር ትሠራላቸው ነበር። አንተ በአማርኛ ትቆጣለህ፣ እነሱ በስዋሂሊ ይስቃሉ፤ እንዴት እንደምትግባቡ እግዜር ይወቀው። ክራር ስትቃኝ ብቻ ግማሹ ሰዓት ያልቃል። እኔ ደግሞ ሻይ እያመላለስኩ አጉረመርማለሁ። አቤት፣ ያ ቅዳሜ እንዴት ናፈቀኝ!

ስታርፍ እማዬ ክራሮቹን ሰብስባ ዕቃ ቤት ቆለፈችባቸው። ዓመት ሳይሞላ በሐዘን ቤት ዘፈን የለም አለች። ልጆቹ ግን ዓመት የሚጠብቁ አልመሰለኝም፤ መበተናቸው ነው፣ የለፋህበት ሁሉ ሊቀር ነው ብዬ ሰጋሁ። ትልቋ ተማሪህ አቺየንግ መቼ እንደምንጀምር በየሳምንቱ በሞባይሌ ትጠይቀኛለች። ቢያንስ ተዝካርህ ላይ ይገኙ ብዬ የአርባህን ቀን ነገርኳት።

ደንባችንን አለመንገሬ ነው ጥፋቴ። በአርባህ ጥቁር ለብሰን ተቀምጠን ሳለ፣ ልጆቹ ደማቅ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ከበሮና በየቤታቸው የቀሩትን ክራሮች ይዘው ከተፍ አሉ። እነሱ ዘንድ ሙት የሚሸኘው በዘፈን ነው። ወንድምህ ሊያባርራቸው ብድግ ሲል ጀምረውት ነበር፤ ለጀማሪ ሁሉ የምታስጠናውን ያችን አጭር ዜማ። አንዱ ይቀድማል፣ ሌላው ይዘገያል። እማዬ የወንድምህን ክንድ ይዛ መልሳ አስቀመጠችው። ከቀብርህ ወዲህ እንባ አጥታ ነበር፤ ያን ቀን እስኪወጣላት አለቀሰች።

በሳምንቱ ዕቃ ቤቱን ራሷ ከፈተችው። አሁን የምታስተምረው አቺየንግ ናት። ቁጣዋ ካንተ ይብሳል።

አንድ ነገር ልናዘዝልህ። ስንት ጊዜ ነይ ላስተምርሽ ብለኸኝ፣ የሽማግሌ ነገር ነው እያልኩ አሾፍኩብህ። ባለፈው ቅዳሜ ከልጆቹ ኋላ ሄጄ ተቀመጥኩ። አቺየንግ ጣቴን ይዛ ክሩ ላይ አስቀመጠችው፤ የያዘችኝ ባንተ አያያዝ ነበር። አባዬ፣ ካንተ እንቢ ያልኩትን ከተማሪህ እየተማርኩ ነው። ጣቴ እስኪለምድ፣ ከለመደም በኋላ፣ በየቅዳሜው አስብሃለሁ።

ልጅህ ሰብለ