የአባትሽ መለከት

ሄሰን፣ ነሐሴ 1935 እ.ኤ.አ.

ለምወድሽ ልጄ ለሴልማ፦ ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ ቦነስ አይረስ ይድረስሽ። ባለቤትሽስ ደኅና ነው? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ጤነኞች ነን። የፕሪም ዛፋችን ዘንድሮ ቅርንጫፉ እስኪሰበር አፍርቶ ማርማላታ ሠራሁ። ለጎረቤታችን ብወስድላት በሩን ሳትከፍት መለሰችኝ።

ባለፈው እሑድ ኮንራድ መጥቶ ነበር፤ ያ አባትሽ የእሳት አደጋ መጥሪያውን መለከት መንፋት ያስተማረው። አሁን የመንደሩ የእሳት አደጋ ማኅበር አለቃ ሆኗል። ቁጭ በል ብንለው እንቢ አለ።

«አይሁድ ከማኅበሩ ተሰርዘዋል። መለከቱንና የራስ ቁሩን አምጣ!» አለው፤ አባትሽን፣ አንተ ብሎ።

«ኮንራድ፣ የአባትህ ጎተራ ሲቃጠል ከብቶቹን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም?»

«ውለታ ልትቆጥርብኝ ነው? ያንተ ሲቃጠል ደግሞ ራስህ ጩህ፣ ራስህ አጥፋው!»

በር ላይ የቆሙት ጓደኞቹ ሳቁ። አባትሽ መለከቱን በመሐረቡ ወልውሎ ሰጠው።

ከዚያ ወዲህ ሥራ አላጣም። በርሜሉን፣ ባልዲውን፣ የልብስ ማጠቢያውን ገንዳ ሳይቀር ውሃ ሞልቶ ደረጃው ሥር ደርድሮታል። «ልብስ ልታጥብልኝ ነው እንዴ?» ብዬ ብቀልድበት፣ «ተይው፣ እንዳትደፊው» አለኝ። ለአዲስ ዓመት በዓላችን እንመጣለን ያላችሁትን ለጊዜው ተዉት፤ ቤቱ ዕቃ በዝቶበት አይመችም።

ዓይንሽን ለማየት ያብቃኝ፣ ልጄ። አባትሽም በጣም ይስምሻል። በእጁ እንዳይጽፍልሽ መሰላል ላይ ነው፤ ከጠዋት ጀምሮ ዶፍ እየወረደ፣ እሱ ጣራውን በባልዲ ውሃ እያራሰ ነው።

እናትሽ ፍሪደሪከ